ትንፋሽና ጅራፍ

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አዊ ውስጥ፣ አዘና። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ፋታ ሰጥቶ ነበር። ካረፍኩበት ቤት አጥር ጀርባ ባለው ጨፌ ላይ ሦስት ልጆች ቡሄን ቀድመው ጅራፍ ይለማመዳሉ። ከነሱ ራቅ ብሎ ከብት የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋሽንት ይነፋል። መጀመሪያ ሁለቱ ድምፆች አይተዋወቁም። ጅራፉ በራሱ ጊዜ ይጮኻል፣ ዋሽንቱ በራሱ ጊዜ ያንጎራጉራል። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ጎረምሳው ረጅም ድምፅ ይዞ ሳለ ጅራፉ ጧ ሲል ድምፁን እዚያው ላይ ቆረጠው። ዝም አለ። የጅራፉ ገደል ማሚቶ ከማዶ ተረተር ተመልሶ ሲመጣ፣ ከማሚቶው ሥር ዝቅ ያለ ሌላ ድምፅ አስገባ። ባለ ጅራፉ ልጅም ይኼን የሰማ መሰለኝ፤ ቀጣዩን ወዲያው አላጮኸም። ጅራፉን አናቱ ላይ እያዞረ ጠበቀ።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሥራዬ ብለው የያዙ ሙዚቀኞች ነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ይሉታል። አንድ የትንፋሽ መሣሪያ የያዘ ሰውና ያገኘውን ሁሉ የሚመታ ሌላ ሰው ኖታ ሳይዙ፣ ዜማ ሳይመርጡ፣ በምት ሳይስማሙ መድረክ ላይ ወጥተው ከባዶ ይጀምራሉ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የራሱ ተጫዋች፣ የራሱ አሳታሚና የራሱ ታዳሚ ያለው ዘርፍ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለዚህ ነገር ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው "ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው" የሚል ነው። እኔ እንግዳው ስሙ ነው ባይ ነኝ። የሥራውን ግማሽ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሌላው ግማሽ ግን እውነትም የእኛ አይደለም፤ ሁለቱን ካልለየን ወይ በከንቱ እንኮራለን ወይ በከንቱ እንሸሻለን።

ከምናውቀው ልጀምር። ዘፈን ላይ ከበሮ ሰዓት ነው። ሠርግ ቤት ከበሮ መቺዋ እጇን አንዴ ካነሳች ጭብጨባው፣ እግሩ፣ ትከሻው፣ ተቀባዩ ሁሉ የሚገዛው ለሷ ነው። አውጪው ትንፋሽ ቢያጥረው ከበሮው አይጠብቀውም፤ ዘሎ መግባት የራሱ ፋንታ ነው። ሽለላ ላይ ይህ ይገለበጣል። ሸላዩ አንዱን ቃል ደረቱ ውስጥ ያለው አየር እስኪያልቅ ይጎትተዋል። የሚቀጥለው ስንኝ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም፤ እሱ ራሱ አየር እስኪስብ አያውቀውም። ዙሪያውን የቆመው ሰውም ዝም ብሎ አይሰማም። "በለው!" ይላል፣ እልልታ ይገባል፣ ድሮ ከሆነ አንዱ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ያ ጥይት ምት ጠብቆ የተተኮሰ አይደለም። ሁለተኛው ከስንት ቆይታ በኋላ ይመጣል ብሎ የሚቆጥር የለም። ሸላዩ የሆነ ቦታ ስለደረሰ ተተኮሰ፤ ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ሸላዩ እንደነበረው አይቀጥልም።

የነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ጥንድ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ጊዜን የሚለካው ትንፋሽ ነው፤ ምት ሰዓትነቱን ትቶ እንደዚያ ጥይት ድንገት የሚደርስ ነገር ይሆናል።

ሳክስፎን ተጫዋቹን ጌታቸው መኩሪያን ያለዚህ መረዳት አይቻልም። ይፋት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልዶ በክራርና በመሰንቆ ጀመረ፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሲገባ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ታሪኩ ይኼ ብቻ ቢሆን ከዘመኑ ጥሩ ባለሙያዎች አንዱ ተብሎ በታለፈ ነበር። እሱ ግን የሸላዩን ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። ዜማውን ብቻ ወስዶ ቢሆን ቀላል ነበር። የወሰደው የአየሩን አወጣጥ ነው፦ ቃሉ ሲያዝ የሚንቀጠቀጠውን፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበረውን፣ ሸላዩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ክፍተት። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ቆዳ ለብሶ የሚወጣው ለማስጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ያለ ቃል የሚሸልል ሰው ሸላይ መሆኑን በሌላ መንገድ ማሳየት ነበረበት።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የወጣው የሳክስፎን አልበሙ በ2003 በኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ ፈረንሳይ ውስጥ ዳግም ታተመ። የውጭ ጸሐፊዎች ሲሰሙት ከአልበርት አይለር ጋር አወዳደሩት፤ አይለር በ1960ዎቹ ሳክስፎኑን እንደ ለቅሶና እንደ ጩኸት የነፋ አሜሪካዊ ነው። ውዳሴው መልካም፣ ዘመኑ ግን የተዛባ ነው። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለአይለር ዘርፍ ስም ያወጣው የኦርኔት ኮልማን "ፍሪ ጃዝ" የተቀዳው በታኅሣሥ 1960 ነው፤ የአይለር የመጀመሪያ ቅጂዎች ደግሞ ከ1962 ወዲህ ናቸው። ልጅ አባቱን ይመስላል ይባላል እንጂ አባት ልጁን መሰለ አይባልም። ለነገሩ እዚህ አባትና ልጅ ራሱ የለም። አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ሁለት ቦታ የበቀለ ነገር ነው፤ እንዲህ የሚያደርገውን ምክንያት መፈለግ ከማወዳደሩ የበለጠ ያዋጣል።

አንዱ ምክንያት ያለው መሣሪያው ላይ ነው። በአማርኛ ዋሽንቱንም፣ እምቢልታውንም፣ ትራምፔቱንም "የትንፋሽ መሣሪያ" ብለን አንድ ላይ እናስቀምጣለን። አውሮፓውያን የእንጨትና የናስ ብለው ይከፍሏቸዋል። የሚገርመው ሳክስፎንን ያስቀመጡት ከእንጨቶቹ ጋር መሆኑ ነው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ ከአንገቱ እስከ አፉ ናስ ነው። ከንፈር የሚነካው ቦታ ላይ ግን ስስ ምላስ የምታህል ቁራጭ ትታሰራለች፤ ድምፁን የምትወልደው የሷ መንቀጥቀጥ ነው። ያች ቁራጭ የምትጠረበው ከሸንበቆ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ ከሚባለው፣ በደቡብ ፈረንሳይ ቫር በሚባለው አውራጃ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከሚታረሰው። እኛ አገርም በየወንዙ ዳር አለ፤ ዋሽንት ይቆረጥበታል። ስለዚህ ጌታቸው ናሱን ታቅፎ ሲሸልል ከንፈሩ ላይ የነበረው ሸንበቆ ነው።

አዊ ደግሞ የቀርቀሃ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ሰው እንጅባራ ሲደርስ መንገዱ ዳር የተደረደሩትን የቀርቀሃ ወንበሮች ሳያይ አያልፍም። ከዚያው ቀርቀሃ ቀጠን ያለውን መርጦ፣ የውስጡን አንጓ በጋለ ብረት በስቶ፣ አራት ቀዳዳ ያወጣለት ልጅ ዋሽንት አለው። የሳክስፎኑ ዓይነት ምላስ የለውም። ነፊው ዋሽንቱን አዘንብሎ ትንፋሹን በአፉ ጠርዝ ላይ ይሰነጥቀዋል፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያልፋል። ለዚህ ነው ዋሽንት ላይ ከዜማው ጋር ሁልጊዜ የነፋስ ሹክሹክታ የሚሰማው። ጠበቅ አድርጎ ሲነፋ ድምፁ ወደ ላይኛው ስምንተኛ ድምፅ ይዘላል። ክላርኔት ሲጠብቁት ስምንተኛውን አልፎ ወደ አሥራ ሁለተኛው ነው የሚሄደው፤ አንዱ ጫፉ እንደተዘጋ ቧንቧ ስለሚሠራ። ቀዳዳው አራት ብቻ ስለሆነ ባለ ዋሽንት ቅኝት ሊቀይር ሲፈልግ ዋሽንት ይቀይራል፤ ልምድ ያለው ሰው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ደርዘን የሚጠጉ ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ትንፋሽ፣ ሹክሹክታ፣ መሰንጠቅ፣ መዝለል። እነዚህ በኖታ ሊጻፉ ይችላሉ፤ አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ በ1960ዎቹ "እረኛው ባለ ዋሽንት" የተባለውን ድርሰቱን ለኦርኬስትራ ሲጽፍ እረኛውን አዳራሽ አስገብቶታል። ድርሰቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ኦርኬስትራው ፊት ያለው እረኛ ከብት አይጠብቅም፣ ጅራፍም አያቋርጠውም።

አሁን ወደ መቺው። "ያልተለመደ ምት" ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ዕቃ ነው። የዚህ ሙያ አለቃ ሊባል የሚችለው ሰው ግን፣ በ1942 የተወለደው ሆላንዳዊው ሃን ቤኒንክ፣ ልጅ ሆኖ መጀመሪያ የመታው የወጥ ቤት ወንበር ነው። ካደገ በኋላም መድረኩ ላይ ከድራሙ ተነስቶ መሬት ላይ ይቀመጥና ወለሉን ይመታል፤ ከበሮው ቆዳ ላይ ተረከዙን ጭኖ ድምፁን ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል። ቤኒንክ በ22 ዓመቱ፣ በሰኔ 1964፣ ከታላቁ ነፊ ኤሪክ ዶልፊ ጋር ሂልቨርሰም ላይ ቀርጿል፤ ዶልፊ በዚያው ወር ሞተ። በ1967 ከሚሻ ሜንግልበርግና ከቪለም ብሮይከር ጋር ኢንስታንት ኮምፖዘርስ ፑል የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ስሙን ወደ አማርኛ ብመልሰው "የቅጽበት ደራሲዎች ማኅበር" እለው ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ አዘና ላይ ሆኜ የማስታውሰው ግን በ1977 ከጀርመናዊው ፔተር ብሮትስማን ጋር የሠራውን ነው። ሁለቱ ሰዎች ሳክስፎንና ክላርኔት ተሸክመው ደቡብ ጀርመን ውስጥ ሽቫርትስቫልድ ወደሚባለው ጫካ ገቡ። ድራም አልነበረም። ቤኒንክ የመታው ያገኘውን ነው፦ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ድንጋይ፣ ውሃ። ቅጂው ላይ ወፎች ይሰማሉ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጆሮዬ አንድ ነገር ያዘ፦ ብሮትስማን፣ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ በሚነቀንቅ ጉልበት የሚታወቀው ሰው፣ ጫካው ውስጥ ዝግ ይላል። ግድግዳ የለማ። የላከው ድምፅ ዛፍ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ቤኒንክ እንጨቱን የሚመታበትን ቦታ እየተከተለ አንዴ ቀርቦ አንዴ ርቆ ይነፋል። የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ቦታውም ይጫወት ነበር።

ጅራፉን በዚህ ጆሮ ልመልሰው። ጅራፍ የሚጮኸው መሬት ስለሚመታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መሬት ሳይነካ ነው የሚጮኸው። እጀታው ጋ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ ክንዱ የሰጠው ጉልበት እየቀለለ ወደሚሄደው ገመድ ይተላለፋል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ። ጧ የሚለው ያ ነው፤ አየሩ ራሱ ሲሰበር። እንግዲህ ጅራፍ ያለ ቆዳና ያለ እንጨት አየርን የሚመታ ምት ነው፣ ዋሽንትም አየርን የሚሰነጥቅ ነው። ተረተሩ 170 ሜትር ርቆ ቢሆን ድምፁ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። የአዘናው ጎረምሳ ዝም ያለባት ያች አፍታ ከዚያ ብዙም አትርቅም።

የጥንድ ጨዋታ ምስጢር ለእኔ ያለው ሥራ በመለዋወጥ ላይ ነው። በተለመደው ሙዚቃ ነፊው ዜማ ይይዛል፣ መቺው ጊዜ ይይዛል። እዚህ ግን ቤዝ ስለሌለ፣ ፒያኖ ስለሌለ፣ ይህ ድምፅ ትክክል ነው ይህ ስህተት ነው የሚል ዳኛ የለም፤ ሁለቱም ነፃ ወጥተዋል፣ ሁለቱም መደበቂያ አጥተዋል። አንዱ ዝም ካለ ሌላው ራቁቱን ነው። ታዲያ ሲዋጣላቸው ነፊው የሳክስፎኑን ቁልፎች ያለ ትንፋሽ እያንኳኳ፣ በምላሱ እየመታ ምት ይሆናል። መቺው ደግሞ የድራሙን ሳህን በመሰንቆ ዓይነት ቀስት እየገዘገዘ ረጅም ድምፅ ያወጣል፣ ዜማ ይሆናል። እንግሊዞቹ ኢቫን ፓርከርና ፖል ሊተን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ይኼን ከሁሉም ርቀው የሄዱበት ይመስለኛል፤ ሊተን ራሱ የገጣጠማቸውን ዕቃዎች ይዞ፣ ፓርከር በአፍንጫው አየር እየሳበ በአፉ ሳያቋርጥ እየነፋ። የፓርከር ትንፋሽ ስለማይቆም ግን ሸላዩ የሚሰጠን ያ ክፍተት የለም። እኔ ብዙ ሳልቆይ ይደክመኛል። የኔ ጆሮ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ያደግኩት ትንፋሽ ሲያልቅ በሚሰማበት ዜማ ነው።

"ምት ከሌለማ ምን ይሰማል?" ለሚል ሰው እንጅባራን አስታውሰዋለሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ሜዳው ላይ ሲወጣ አንድ ፈረስ ብቻውን ሲጋልብ ኮቴውን መቁጠር ይቻላል። አምስት ሲሆኑ መቁጠር ያስቸግራል፣ ግን ምት እንዳለ ይታወቃል። በመቶ ሲቆጠሩ ምቱ ይጠፋል። አልቆመም፣ አልተሳሳተም፤ በዝቶ ጎርፍ ሆነ። ከእግር በታች መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንድም ኮቴ ለብቻው አይሰማም። ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬንና ራሺድ አሊ በየካቲት 1967 ሁለት ሆነው በቀረጹት "ኢንተርስቴላር ስፔስ" ላይ የአሊ ድራም የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ አይቆጥርም፤ ኮልትሬን የሚጋልብበትን መሬት ያንቀጠቅጣል። ሰምቶ "ዝብርቅርቅ ነው" ያለኝን አንድ ወዳጄን የፈረሶቹን ቀን ሳስታውሰው ዝም ብሎ እንደገና ከፈተው። ወደደው አላልኩም።

እስካሁን የምናውቀውን ግማሽ ነው ያወራሁት። የማናውቀው ግማሽ ጋ ሲደርስ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴሪክ ቤይሊ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ልዩነት ይጠቅማል። በአንድ ባህል ቋንቋ ውስጥ ሆኖ በቅጽበት መፍጠር አለ፤ የትኛውንም ባህል ቋንቋ አልናገርም ብሎ መፍጠር ደግሞ አለ። ነፃ የሚባለው ሁለተኛው ነው።

የእኛ ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ጎጃም ይኼን ለማስረዳት ከሁሉ የተሻለ አገር ነው፤ የዋሸራ ቅኔ ቤት ያለበት። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግም ይሳቅበታል፣ የጓደኛውን ቢወስድ ያፍራል። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ነገር ግን ጉባኤ ቃና ስንት ቤት እንዳለው፣ ዜማው የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቤት ቢሰበር መምህሩ ያስቆመዋል። አዝማሪ ቤትም "ተቀበል!" ሲባል አዝማሪው የሚቀበለው በቅኝት ውስጥ ነው። ሽለላም እንዲሁ። ጌታቸው ምንም ያህል ቢጮህ ከቅኝቱ አይወጣም፤ የሽለላ ሐረጎች ስንቅ ሆነው አብረውት አሉ። አዲስ የሚሆነው መቼ እንደሚያወጣቸው፣ ምን ያህል እንደሚጎትታቸው ነው። ይህ ነፃነት ነው፣ ልቅነት ግን አይደለም። ቤይሊና ጓደኞቹ የፈለጉት ግን ስንቁንም መጣል ነበር። ይቻላል ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያለ ቋንቋ የተጫወቱ ሰዎችን አሁን በሁለት ደቂቃ መለየት ይቻላል፤ ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። ሙከራው ግን ጆሮን የሚያጥብ ሙከራ ነው፣ እኛ ውስጥም አልነበረም።

ሁለቱ ግማሾች ፊት ለፊት የተገናኙበት ጊዜ አለ። በ1979 አምስተርዳም ውስጥ የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለው ባንድ በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ፤ እዚያም ከቤኒንክ የቅጽበት ደራሲዎች ማኅበር ጋር ተጫወተ። ከዚያ ጌታቸው ራሱ ዘ ኤክስን አጃቢዬ ሁኑ አላቸው፤ በ2006 "ሞዓ አንበሳ" ወጣ። ይህ አልበም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚባለው "ኢትዮጵያዊው አዛውንት ከአውሮፓ ነፃ ሙዚቀኞች ጋር ነፃ ወጣ" ዓይነት ነው። አልበሙን አስቀምጦ ለሚሰማ ሰው የሆነው ተቃራኒው ነው። ኖታ አንይዝም የሚሉት ሰዎች ተቀምጠው የጌታቸውን ዜማዎች አጠኑ። ካተሪና ቦርንፌልድ ድራሟ ላይ ጥብቅ የሆነ ምት ያዘች፣ ጊታሮቹ አንዲት ሐረግ እየደጋገሙ አጥር ሠሩ። እንደልቡ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የሰባ ዓመቱ ሸላይ። ከጎኑ የግዛቪዬ ሻርል ክላርኔት አለ፤ ጌታቸው አየር በሚስብበት ክፍተት ውስጥ ጭረት፣ ሹክሹክታ፣ ፉጨት እየጣለ ይገባል። የአልበሙ ምርጥ ቦታዎች ለእኔ እነዚያ ናቸው። ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ላይ በነሐሴ 2008 አብረው ተጫውተዋል፤ በ2012 ሁለተኛ አልበም አወጡ። ጌታቸው በሚያዝያ 2016 አረፈ።

ከዚያ ወዲህም መንገዱ አልተዘጋም። ካዛንቺስ ከነበረው ፈንድቃ የባህል ማዕከል የተነሱት መላኩ በላይና ጓደኞቹ በ2018 ኖርዌይ ሞልደ ላይ ከድራመሩ ፖል ኒልሰን ላቭ ትልቅ ባንድ ጋር ተጫውተዋል። መላኩ ሙዚቀኛ አይባልም፣ ተወዛዋዥ ነው። ግን እስክስታ ሲመታ አጠገቡ የቆመ ሰው ትከሻውን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ በጥርሱ መሃል ሽሽሽ እያለ የሚወጣውን ትንፋሽና ወለሉን የሚመታውን እግር ይሰማል። ትንፋሽና ምት አንድ ሰው ውስጥ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ባልደብቅ ይሻለኛል። የዚህ ዓይነት ጥንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ያየሁት ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነበር፤ አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ደግሞ ድስትና ሰንሰለት ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው። ተናድጄ ወጣሁ። ለብዙ ጊዜ ያናደደኝ ጩኸቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያናደደኝ ሁለቱ አለመስማማታቸውም አልነበረም። ባለ ድስቱ የሆነ ነገር ሲጥል ባለ ሳክስፎኑ ላይ ምንም አይለወጥም፤ ባለ ሳክስፎኑ ሲያቆም ባለ ድስቱ መቆሙን አላወቀም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት በአንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻቸው ይለማመዱ ነበር። ደህናውንና መናኛውን የምለይበት መንገድ ከዚያ ወዲህ ያው ነው፦ አንዱ ድምፅ ካወጣ በኋላ ሌላው እንደነበረው ከቀጠለ ካፖርቴን አነሳለሁ። ዝም ካለ፣ ከዘገየ፣ ከሸሸ፣ ወይም ሆን ብሎ እምቢ ካለ እቆያለሁ።

በዚህ መለኪያ የአዘናዎቹ ልጆች አልፈዋል ብዬ፣ በማግስቱ ጎረምሳውን ከብቶቹን ሲመልስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ዋሽንቱን በቀበቶው ሰክቷል።

"ትናንት ጅራፉ ሲጮህ ለምንድነው ዝም ያልከው?" አልኩት።

እንደ ቂል አየኝ። "ጋሼ፣ ላሞቹ ደንብረው እንደሆነ ላይ ነዋ።"

"ከዚያስ? ዝቅ አድርገህ የነፋኸው?"

"ከዚያማ አልደነበሩም።" ትንሽ አሰበና "ሲሰሙኝ ቆመው ይግጣሉ" አለኝ።

ጅራፍ የያዙት ልጆች እንደገና ጨፌው ላይ ነበሩ። አንዷ ላም ቀና ብላ ወደነሱ አየች፤ እሱም ዋሽንቱን ከቀበቶው መዘዘ።